ጠፋች የተባለችው አኩራፊ

ይህን ታሪክ መጀመሪያ የነገረኝ የፍሳሽ ቦቴ የሚነዳው ሰውዬ ነው፤ የባለታሪካችን የሚስቱ ወንድም። ቦቴውን ሊያጥብ ሳሙና ቀብቶት፣ ሳሙናው መኪናው ላይ እስኪደርቅ ሲያወራኝ ዋለ። ግን ምን ያደርጋል፣ የወሬውን ጅራት ከራሱ ያስቀድማል፤ ቦቴ እንጂ ወሬ መንዳት አያውቅበትም። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ ወሬ ግን እኔ ከያዝኩት መንገድ አይስትም፤ ይህን የሚያውቀኝ ሁሉ ይመሰክርልኛል። ስለዚህ ከሱ የሰማሁትን፣ ኋላም ከባልና ሚስቱ አፍ ያጣራሁትን፣ መልክ አስይዤ እነግራችኋለሁ።

ሰውየው ሽቶ ይባላል። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው፤ እሱን አሁን የምታውቀው ደሞዝ ከፋይዋ ብቻ ናት። ሽቶ ያሉት ሥራውን አይተው ነው። ከተማው የታጠበበትን፣ የተለቃለቀበትንና ሌላም የማልጠራውን ሁሉ ቧንቧ ሰብስቦ ያመጣና ከከተማው ጫፍ ያሉት ሦስት ኩሬዎች ውስጥ ይዘረግፈዋል። አንደኛው ውስጥ ይዘቅጣል፣ ሁለተኛው ውስጥ ይብላላል፣ ሦስተኛው ውስጥ ጠርቶ ሸምበቆ ያበቅላል፣ ከዚያ ወንዝ ይገባል። ከአንዱ ወደ አንዱ የሚያሻግረው ሽቶ ነው። እንደ መኪና መሪ ክብ የሆኑ ቫልቮች አሉ፤ ጠዋት ይህን ይከፍታል፣ ከሰዓት ያንን ይዘጋል፣ መሀል ላይ ወንፊቱ የያዘውን ጨርቅና ፌስታል በረጅም መንጠቆ እየጎተተ ያወጣል። ሰው የጣለው ነገር ሁሉ እሱ ዘንድ ነው የሚደርሰው። አንዴ የቤት ቁልፍ ከነመያዣው አውጥቶ ባለቤቱን ሲፈልግ ከርሟል፤ አገኘውም፣ ሰውየው ግን ቁልፉን በሁለት ጣቱ ይዞ አመስግኖት በሩን ዘጋበት።

ሰው እንዲህ ነው። ሽቶ ታክሲ ሲሳፈር አጠገቡ ያለው ይነሳል፤ ስለዚህ ዕድሜውን ሙሉ በሁለት ሰው ቦታ ላይ ተንሰራፍቶ ነው የሄደው፣ እንደ ትልቅ ሹም። አይከፋውም። «እናንተ ታመጡታላችሁ፣ እኔ አጠራዋለሁ፤ ታዲያ ቆሻሻው ማናችን ነን?» ይላል። እኔ ራሴ አንድ ቀን አብሬው ተቀምጬ ሄጃለሁ። አፍንጫዬ የታወቀ ነው፣ ዝናብ ከመምጣቱ በፊት ያሸታል፣ ግን ምንም አልሸተተኝም። ሳሙና ነው የሚሸተው። ሰውን የሚያሸሸው ሽታው ሳይሆን ስሙ ነው።

ቤቱም እዚያው ነው፣ ሦስተኛው ኩሬ ዳር። መሥሪያ ቤቱ የሰጠው ሁለት ክፍል፣ ከኋላው ደግሞ አገልግሎቱን የጨረሰ የክሎሪን መጋዘን። ሚስቱን ሊያገባ ሲጠይቅ ይኸው ቦቴ ነጂ ወንድሟ፣ «እህቴን ለሽታ አልድርም» ብሎ አገር ይያዝልኝ ያለ ነው። ዛሬ ቦቴውን አስነስቶ ሲያልፍ ሽቶ ራሱ አፍንጫውን ይይዝበታል። የናቁት ያስረግዛል ይባል የለ። እሷ ግን ያኔም አልሰማችውም። መጣች፣ መስኮቱ ላይ መጋረጃ ሰቀለች፣ ዶሮ ማርባት ጀመረች፣ ልጆች ወልዳ አሳድጋ ዳረች። ቁጥብ ሴት ናት። ባሏ ለሁለቱም ስለሚያወራ እሷ ሳትናገር ዓመት ብታሳልፍ የሚጎድል ነገር የለም።

አሁን ወደ ወፏ ልምጣ። ሦስተኛው ኩሬ ሸምበቆ ውስጥ የምትኖር ወፍ አለች። ከዶሮ ታንሳለች፣ ጥቁር ናት፣ እግሯ ቀይ፣ ጣቶቿ እንደ ሹካ ረዣዥም፤ ውሃ ላይ በተኛ ቅጠል ላይ ሳትሰምጥ ትራመዳለች። ሰው ካያት ዞራ ጀርባዋን ትሰጣለች፤ በዚህ የተነሳ አኩራፊ አሏት። ሽቶ ስለ ወፍ የሚያውቀው እኔ ስለ መርከብ የማውቀውን ያህል ነው። ይህችን ግን ይወዳታል። ጠዋት ቫልቭ ሲያዞር ጮክ ብሎ «እንዴት አደርሽ» ይላታል፣ እሷ ጅራቷን ትሰጠዋለች። «ከሚስቴ የምትለየው ምሳ ባለማምጣቷ ብቻ ነው» ይላል።

በየዓመቱ ዝናብ ሲያባራ አንዲት ወፍ ቆጣሪ ትመጣለች፤ መነጽር በሦስት እግር ላይ ተክላ ሸምበቆ ውስጥ ስታፈጥ የምትውል፣ ደሞዝም የምትበላበት። ለሽቶ ነገሩን ያስረዳችው እሷ ናት። እሱ በሦስት ዓመት ነው የገባው፣ እኔ ግን ገና ሲነገረኝ ነው ያገኘሁት፣ እንዲህ ነው፤ ፍጥረት ሁሉ እንደ በሽተኛ ደረጃ አለው። ስጋት የሌለበት የሚባል አለ፣ እንደ አይጥና እንደ ወሬኛ፣ ቢያባርሩት የማያልቅ። ወደ ስጋት የተጠጋ አለ፣ ያስነጠሰው ነው በሉት። ተጋላጭ አለ፣ ትኩሳት የጀመረው። ለመጥፋት የተቃረበ አለ፣ አልጋ የያዘው። ለመጥፋት እጅግ የተቃረበ አለ፣ ዘመድ ተጠራርቶ ዙሪያውን የተቀመጠበት። ከዚያ ከዱር የጠፋ አለ፣ በሰው እጅ፣ በአጥር ውስጥ ብቻ የቀረ። መጨረሻው ጨርሶ የጠፋ ነው፤ እሱን ማስረዳት አያስፈልገኝም። ይህ ሁሉ ቀይ መዝገብ የሚባል ላይ ይሰፍራል። አኩራፊ ዘመድ ተሰብስቦ የሚያስታምማት ናት። እዚህ ደረጃ ላይ የደረሰች ፍጥረት የምትራባበትን ቦታ መድፈን፣ ማድረቅ፣ መቁረጥ በሕግ ክልክል ነው።

የመሥሪያ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ደግሞ ሦስተኛውን ኩሬ አፈር ሞልቶ የከባድ መኪና ማቆሚያ ሊያደርገው ካሰበ ቆይቷል። አዲስ ማሽን ይመጣል፣ ውሃውን በብረት በርሜል ውስጥ ያጠራል፣ ቫልቭ የሚያዞር ሰው አይፈልግም። ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ የሚያብረቀርቅ ጫማ ስለሚያደርግ ኩሬ ዳር መቆም አይወድም፣ ያው ነው። ኩሬው ከተደፈነ የሽቶ ቤት ይፈርሳል፣ ሥራውም አብሮ። ይህን ሁሉ ይዛ የቆመችው ያች እፍኝ የማትሞላ አኩራፊ ናት።

ያን ዓመት ወፍ ቆጣሪዋ ወልዳ አራስ ቤት ተኛች። በሷ ቦታ ተተኪ ላኩ። ጨዋ ሰው ነው፣ ትሁት፣ ሸሚዙ እስከ አንገቱ የተቆለፈ፤ ወፍም ኩሬም አይቶ አያውቅም፣ ያደገው ወረቀት መሀል ነው። መጣ፣ መነጽሩን ተከለ፣ ሁለት ቀን አፈጠጠ፣ ምንም አላየም። በመጨረሻ ቫልቭ ላይ ተንጠልጥሎ የሚታገለውን ሽቶን ጠየቀው።

«ጋሼ፣ አኩራፊ የሚሏትን ወፍ በቅርብ አይተዋታል?»

«ኧረ እሷስ ጠፋች።»

«ጠፋች?»

«ዘንድሮስ ጨርሳ ጠፋች እንጂ።»

«ጨርሳ?»

«ጨርሳ። እኔም እኮ ገርሞኛል» አለና ቫልቩን ማዞሩን ቀጠለ።

እናንተ ገብቷችኋል። መንገድ ላይ ወዳጄን ሳገኘው «ምነው ጠፋህ?» እለዋለሁ፤ ሞተሃል ማለቴ ነው? እኔን ራሴን በቀን ስንቱ «ጠፋህ እኮ» ይለኛል፤ ይኸው ቆሜ አወራለሁ። ሽቶም ዓይኔ ካረፈባት ሰነበተ፣ ምን ሆና ይሆን ማለቱ ነበር። ለዚያ ሰው ግን ጨርሶ መጥፋት የወሬ ቃል አይደለም፣ የደረጃ ስም ነው፤ የመጨረሻው ደረጃ። የቦታው ነዋሪ፣ ዕድሜውን ሙሉ እዚያው የኖረ ሰው፣ ሁለቴ ተጠይቆ ጨርሳ ጠፍታለች ብሏል ብሎ ሪፖርት አደረገ። አልዋሸም። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

ሽቶ ነገሩን ያወቀው ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ተጠርቶ ነው። ገና ሲገባ ሰውየው ተነስቶ ጨበጠው። በዚያ ሁሉ ዘመን ጨብጦት አያውቅም ነበር፣ ሽቶ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ነው የሰጠው። ሥራ አስኪያጁ አመሰገነው፤ ስንት ዓመት ያሰረንን ነገር በአንድ ቃል ፈታህልን አለው። ወፏ ከጠፋች ክልከላው ምን ላይ ይቆማል? ጉባኤ ተጠርቷል፣ ተቃውሞ ያለው ካለ ይሰማል፣ ከሌለ አፈር የጫኑት መኪኖች ይገባሉ። ለሽቶም ለቤት ኪራይ የሚሆን ትንሽ ነገር ይታሰብለታል።

ሽቶ ላቡ መጣ። «ጌታዬ፣ ጠፋች ስል እኮ ጠፋች ማለቴ አይደለም።»

«ታዲያ ምን ማለትህ ነው?»

«ጠፋች ማለቴ ነዋ። ግን እንደሱ ጠፋች አይደለም።»

«አይተሃታል?»

«የት አባቷ አይቻት፤ ጠፍታ የለ እንዴ?»

ሥራ አስኪያጁ ሳቀ፣ ጸሐፊዋም ሳቀች፣ ሽቶ አልሳቀም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። ከዚያ ቢሮ ወጥቶ በቀጥታ የሄደው አራሷ ወፍ ቆጣሪ ቤት ነው። ደጃፉ ላይ ቆሞ አልገባም አለ፤ ሕፃን ያለበት ቤት ነው፣ እኔ እንደምታውቂኝ ነኝ ብሎ።

«ግባ ጋሼ» አለችው፤ «እዚህ ቤት ከአንተ የሚብስ ሽታ ያለው ሰው ተወልዷል።»

ገባ፣ ተናዘዘ። ሰምታ ብዙ አልተቆጣችም። መጀመሪያ የነገረችው አጽናናው፤ ቀይ መዝገብ ላይ ማንም በአንድ ሰው አፍ ጨርሶ ጠፋ ተብሎ አይሰፍርም። በወቅቱ፣ በምትወጣበት ሰዓት፣ ኖራበት በምታውቀው ቦታ ሁሉ ተፈልጋ፣ ተደጋግሞ ተፈልጋ፣ ጥርጣሬ ሲያልቅ ነው። የተተኪው ሪፖርት ከላይ ታይቶ መመለሱ አይቀርም። ያስጨነቀው ግን ቀጥላ ያለችው ነው፤ እስኪመለስ ኩሬው ይሞላል። ጉባኤው ቦታው ባዶ ነው ብሎ ከወሰነ በኋላ ወፏ ብትመጣ የምታርፈው መኪና ጣሪያ ላይ ነው።

«መጥፋቷን ማስረዳት ዓመታት ይፈጃል» አለችው፤ «መኖሯን ለማስረዳት ግን አንዲት ወፍ ትበቃለች። አግኛት። ካላገኘሃት ድምጿን፣ ጎጆዋን፣ ፎቶዋን። ቃል ብቻ ይዘህ እንዳትመጣ፣ በቃልህማ ገድለሃታል።»

ሽቶ የሚስቱን ወንድም ስልክ ተውሶ ሸምበቆ ውስጥ ገባ። እስከ ወገቡ። ከሥራ በፊት ይገባል፣ ከሥራ በኋላ ይገባል። «እንዴት አደርሽ» እያለ ይጣራል፣ ያለፈ ሁሉ ይሳለቅበታል። የቀጠረች ሴት የቀረችበት ይመስላል አሉ። ያነሳውን ፎቶ ወስዶ ለወፍ ቆጣሪዋ አሳያት፤ ሕፃኑን በአንድ እጅ እያጠባች በሌላው ስልኩን አገላበጠች። ይህ ዳክዬ ነው፣ ይህ ያንተ አውራ ጣት ነው፣ ይህ ጥቁር ፌስታል ነው። አንዱን ብቻ ረጅም አየችውና ልቡን አንጠለጠለችው፤ እሱም ሌላ ፌስታል ሆነ።

ጉባኤው ሲቃረብ ሰውየው ከሳ። ማውራት አቆመ። ይህን ነው የቤቱ ሰው የፈራው። ሚስቱ የሚያወራ ባል ለምዳለች፤ ዝም ሲል ቤቱ ወና ሆነ። አንድ ከሰዓት ቫልቩን ዘግቶ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ሳለ መጥታ ቆመችበት።

«ና።»

«ወዴት?»

«ና ብያለሁ።»

ከኋላ ወደ ክሎሪን መጋዘኑ ወሰደችው። በሩን ከፈተች። ቀይዋ ዶሮዋ ጥግ ላይ ቆማለች፤ ፊቷ ውሃ ያለበት ሳፋ አለ፣ ሳፋው ላይ ሰፊ ቅጠል ተንሳፍፏል፣ ቅጠሉ ላይ አንድ ጥቁር ጫጩት። ጣቶቹ ከራሱ ቁመት ይረዝማሉ። ዶሮዋ ልትታቀፈው ትጠራዋለች፣ እሱ ውሃ ላይ ይራመዳል፣ እሷ ልትሞት ትደርሳለች። ጫጩቱ ሰዎቹን አያቸውና ቀስ ብሎ ዞሮ ጀርባውን ሰጣቸው።

ሽቶ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

ነገሩን ነገረችው። ቧንቧው ይታጠብ ተብሎ የሁለተኛውን ኩሬ ቫልቭ ብርግድ አድርጎ የከፈተው ጊዜ፣ ሦስተኛው ኩሬ ሞልቶ ሸምበቆውን ዋጠው። ጎጆው ተነቅሎ ሲንሳፈፍ እሷ ለዶሮዎቹ ሣር ልታጭድ ወርዳ አየችው። እናቲቱ ሸሽታለች። ሦስት እንቁላል፣ ቀዝቅዞ ሊሞት። በቀሚሷ ይዛ መጥታ፣ እንቁላል ታቅፋ ለተኛችው ዶሮ ከሥሯ ሸጎጠችላት። ሁለቱ ገማ፣ አንዱ ተፈለፈለ። የምትመግበው የኩሬውን ትል ነው፤ ትል እንደሆነ እዚያ ቦታ ሞልቷል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለው እኔ ተረት ይመስለኝ ነበር።

ሽቶ ዓይኑ እንባ ሞላ። ወፏን ያባረራት ራሱ እንደሆነ ያወቀው ያን ጊዜ ነው፤ አንዴ በቫልቭ፣ አንዴ በአፉ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ላንተ? የከተማውን ቫልቭ ሁሉ ትዘጋለህ፣ አፍህ ላይ ግን አልገጠሙልህም።»

የደበቀችበት ምክንያት ነበራት። አጥሩ ላይ የተሰቀለው ማስታወቂያ፣ ሽቶ ራሱ በሽቦ ያሰረው፣ የዚህችን ወፍ እንቁላል ያነሳ፣ ጫጩቷን የያዘ ወይም ቤቱ ያስገባ በገንዘብ ወይም በእስራት ይቀጣል ይላል። ለማዳን ነው፣ ለመብላት ነው ብሎ አይለይም። ጎጆው ሲንሳፈፍ ሮጣ ለመሥሪያ ቤት መናገር ነበረባት፣ እንቁላሉ ግን ሰው እስኪመጣ አይጠብቅም ነበር። አሁን ጫጩቱ ካልታየ ኩሬው ይሞላል፤ ከታየ እሷ ትከሰሳለች።

ሽቶ እኔ ነኝ ያነሳሁት እላለሁ አለ። እሷ ከት ብላ ሳቀች፤ እሱ ከጓዳ እስከ ምድጃ አንድ እንቁላል ሳይሰበር አድርሶ አያውቅም፣ ማን ያምነዋል? ደግሞም አንድ ውሸት ጀምረን ወፍ አናድንም አለች። እሱ ኩሬው ይቅር፣ ቤት እንከራያለን፣ ጫጩቱን ወንዝ እንለቀዋለን ብሎ ጀምሮ ነበር፣ ለሷ ሰግቶ። እሷ ጫጩቱን አሳየችው። «ወንዙ ላይ ሸምበቆ አለ?» አለችው። የለም። ነገሩ በዚሁ አለቀ።

ጉባኤው የተቀመጠው በመሥሪያ ቤቱ አዳራሽ ነው። የፕላስቲክ ወንበር፣ ጣሪያ ላይ ግጭ ግጭ የሚል ማራገቢያ። ሽቶ ሲገባ አንድ ሰው መስኮት ከፈተ። ከፊት የተቀመጠችው ሰብሳቢ ፀጉሯን ሽበት የወረሰው፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴትዮ ናት። ተተኪው ተነስቶ ሪፖርቱን አሰማ። ተቃውሞ ያለው አለ ወይ ተባለ። ሽቶ ተነሳና፣ ያ ሁሉ ምላስ የት እንደገባ እንጃ፣ «አለች» ብቻ አለ። ሚስቱ ሽፍን ቅርጫት ይዛ ሄዳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከውስጥ ዶሮዋ ጮኸች።

ሰው ሳቀ። ሥራ አስኪያጁ ዶሮ ለሽያጭ ከሆነ በኋላ እንነጋገራለን አለ። ወፍ ቆጣሪዋ ግን ሕፃኑን አዝላ መጥታ ነበር። ውሃ አስመጣች፣ ጫጩቱን አወጣች፣ ጣቱን ዘርግታ አሳየች፣ ቅጠል ላይ አቆመችው፣ ተራመደ። ሰብሳቢዋ መነጽሯን አድርጋ ጎንበስ ስትል ዞሮ ጀርባውን ሰጣት። ያ አዳራሽ ውስጥ ወፏን የማያውቅ አልነበረም፤ ሁሉም አኩርፋበት ያውቃል። ሳቁ ቆመ።

ሥራ አስኪያጁ ብልህ ነው። ወዲያው ድምፁን ዝቅ አደረገና ወደ ሚስትየው ዞረ።

«እናቴ፣ ሕግ ከጠቀስን እኮ እርስዎ ነዎት የሚጎዱት። እስር ያለበት ነገር ነው። እኛም ሰዎች ነን፣ እናት አናሳስርም። ዶሮ የታቀፈችውን የዶሮ ነው ብለን እንለፈው። ማንም አላየ፣ ማንም አይጠይቅዎት፤ ይዘውት ወደ ቤትዎ ይሂዱ።»

አዳራሹ በሐዘኔታ አጉተመተመ። እንዴት ያለ ደግ ሰው ነው ያሉም ነበሩ። ሽቶ ሚስቱን አያት። እጇ ቅርጫቱ ጠርዝ ላይ ነው፣ እስር የሚለውን ቃል ስትሰማ ቅርጫቱን ወደ ራሷ ስባዋለች፤ በዚያ ሁሉ ዘመን ስትፈራ አይቷት አያውቅም። እግዜር ይስጥልኝ ብሎ ቅርጫቱን አንጠልጥሎ መውጣት አማረው። አፉም ለዚያው ተከፍቶ ነበር። እሷ ግን ቀና ብላ አየችው፣ ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። ያን ጊዜ ምን እየተሰጣቸው እንደሆነ ገባው።

«ምሕረቱን አንፈልግም» አለ። «ቅጡን።»

ሰብሳቢዋ አልሰማሁም አለች።

«ቅጡን ነው የምለው። የዶሮ ጫጩት ያሳደገ ሰው አይቀጣም። እኛ ካልተቀጣን ወፏ የለችም ማለት ነው። ወፏ ካለች ደግሞ ጥፋት አለ፣ ጥፋት ካለ ሕጉ አለ፣ ሕጉ ካለ ኩሬው አይደፈንም። ስለዚህ ደህና አድርጋችሁ ቅጡን።»

እኔ ስንት ሸንጎ ላይ ተናግሬአለሁ፣ አልክደውም፣ እንዲህ ያለ ግን ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ሰብሳቢዋ እንቁላሉን ያነሳው ማነው ስትል ባልና ሚስቱ እኩል «እኔ» አሉ። አንድ እንቁላል በሁለት ሰው አይነሳም አለች። ሚስትየው ባሏን በክርኗ ገፍታ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችውና ከጎጆው እስከ ዶሮዋ አንድም ሳታስቀር ተናገረች። እንባ የለም፣ ልመና የለም። ቫልቩን ማን ከፈተ ተብላ ስትጠየቅ ግን ትንሽ አመነታች። ሽቶ ራሱ እኔ ነኝ፣ ታዝዤ ነው አለ፤ ያዘዘው ሥራ አስኪያጅ ጫማውን አየ።

ውሳኔው ይህ ሆነ። ለማዳን ብላ ስለሆነ እስሩ ቀረ። ገንዘቡ ግን ሕጉ ከሚለው በታች መውረድ አይችልምና ዝቅተኛውን ትከፍላለች፤ ክሱ ላይም የወፏ ስም፣ ያ ሊቃውንቱ ብቻ የሚጠሩት ረጅሙ፣ ከነደረጃዋ ይሰፍራል። ደረጃዋ አልተሻለም። በአንድ ጫጩት ከሞት አፋፍ አይመለስም፣ ወፍ ቆጣሪዋ ራሷ አሻሽሉላት አላለችም። አልጋዋ ላይ ናት፣ ግን አለች። ፍለጋው በወቅቱ እንደገና ይደረጋል፣ እስከዚያ ሦስተኛው ኩሬ ውስጥ አካፋ አይገባም፣ ወፏ በምትራባበት ጊዜም የሁለተኛው ቫልቭ ከግማሽ በላይ አይከፈትም። አፈር የጫኑት መኪኖች ደጅ ቆመው ነበር፤ ሾፌሮቹ እየተራገሙ ዞሩ።

ተተኪው ወደ ሽቶ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ እኔ እኮ ያሉኝን ነው የጻፍኩት» አለ፣ ፊቱ ቀልቶ። ሽቶ ልክ ነህ ልጄ አለው፣ ሁለተኛ ስትጠይቀኝ ግን ቫልቭ እስክዘጋ ጠብቀኝ። ከዚያ ወዲያ ያ ሰው ሲመጣ እነሱ ቤት ነው ምሳ የሚበላው።

ጫጩቱ ክንፉ እስኪጠና በወፍ ቆጣሪዋ ፈቃድ መጋዘኑ ውስጥ ቆየ። ሲለቁት ሸምበቆው ውስጥ ገባ፣ አንዴም ዞሮ አላየም። ቀይዋ ዶሮ ግን ኩሬው ዳር ቆማ ስትጣራ ሰነበተች። ሚስትየው አንስታ ታስገባታለች፣ እሷ ተመልሳ ትወርዳለች። ቦቴ ነጂው ይህን ሲነግረኝ ድምፁ ተለወጠ፤ እኔም ሳሙናው ዓይኔ ውስጥ ገባ ብዬ ዞር አልኩ።

ቅጣቱን ሊከፍሉ ባልና ሚስት አብረው ነው የሄዱት። ገንዘቡ ሚስትየው ለጥርሷ ያጠራቀመችው ነው፤ በቀኝ በኩል ሁለት መንጋጋ ወልቆባት ልታስተክል ከሐኪሙ ቀን ተቀብላ ነበር። መንገድ ላይ ሽቶ ከደሞዜ ይቆረጥ፣ ጥርስሽን አስተክዪ ብሎ ለመናት። እሷ በግራ በኩል ለምጃለሁ አለችው። ገንዘብ ተቀባይዋ በመስኮቱ አጮልቃ ምን አድርገው ነው የተቀጡት አለቻት።

«ወፍ አሳድጌ።»

ልጅቷ ቀና ብላ አየቻት፣ ቀጥሎም ወረቀቱን አየች፣ ያን ረጅም ስም ለማንበብ ሁለት ጊዜ ሞክራ ተወችው። በየወሩ ከፋፍለው መክፈል ይችላሉ፣ አይቸኩሉ አለቻት። ሚስትየው መሐረቧን ፈታች።

«ሁሉንም አሁን ተቀበዪኝ» አለች።